የጉማሬ ዱካ

አባቴ ይርዳው፣ ሽምብጥ ዳር፣ ሐይቁ ደንገሉን በሚልስበት፣
የሰው አትክልት ጠባቂ ነው፣ ሠላሳ ክረምት የነቃበት።
ጠላቱ ሌባ አይደለም፤ ጉማሬ ነው የሚመጣው፣
ሌሊት ከውሃ ወጥቶ፣ ሰው ያለማውን ሊያጠፋው።

ልጅ ሆኜ ጭቃው ላይ አቁሞ፣ በባትሪው እያሳየኝ፣
«አራት ጣት ነው፣ ቁጠሪ» እያለ፣ እንደ ፊደል ያስጠናኝ፦
«ይሄ ሲመጣ ነው፤ ያ ሲመለስ፤ ይሄኛው ደግሞ የትናንት፤
ጉማሬ በር አያንኳኳም፤ የሚገባው በላላበት።
አጥሩን ሁሉ አትቁጠሪ፤ የሳሳውን ፈልጊ፤
እሱም እሱን ነው የሚፈልገው፤ ቀድመሽው እዚያ ተጠጊ።»

ዛሬ እኔም ተረኛ ነኝ። ቁጠባ ተቋም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
ሁለት ስክሪን፣ አንድ ወንበር፣ የፔርሙዝ ሻይ፣ የማይጠልቅ
መብራት።
ስወጣ አባቴ ከበሩ ላይ፣ ዱላውን ተደግፎ፣
«አጥሩ ከምንድን ነው?» አለኝ።
«ፋየርዎል ይባላል።»
«በአማርኛ?»
«የእሳት ግድግዳ።»
ዝም አለ። ደንገሉን አየ። «ታዲያ በየት ይግባ እንግዳ?»

ለምን እንደመረጥኩት የሚጠይቀኝ ይበዛል።
ወንዶቹ፣ «የእንትናን ፌስቡክ ክፈቺልኝ» ይሉኛል፤
አክስቴ፣ «የኮምፒውተር ጥገና ነው» ብላ ለሰፈሩ ነግራለች፤
እውነቱን የምታውቀው ግን ዓሣ ሻጯ አንጓች ነች።

በስልክ መጣባት። ትሁት ድምፅ፣ «እናቴ» እያለ የሚጠራ፣
«ከባንክ ነው፤ ሒሳብዎ ታግዷል፤ ላስተካክለው፣ አይፍሩ፣ አደራ።
አሁን የሚደርስዎትን ስድስት ቁጥር ያንብቡልኝ።»
አንጓች ቁጥር የለየችው በሃምሳ ዓመቷ ነው፣ በማታ ትምህርት።
ኮራች። መነጽሯን አድርጋ፣ ጣቷን ከቁጥሩ ሥር እየጎተተች፣
አንድም ሳትስት አነበበች።
ለማቀዝቀዣ ያጠራቀመችው፣ የዓመት ከመንፈቅ የዓሣ ሽያጭ፣
የቀዳችው ሻይ ሳይበርድ አለቀ።
ሰፈሩ፣ «አለመማሯ ነው» አለ።
እኔ ግን፦ መማሯ ነው የተሰረቀ።

ከዚያ ወዲያ ሌሊቶቼን በሌሊት ጥቅል ገዛሁ፤
ፔዳ በር ካለው ኮፒ ቤት የኔትወርክ መጽሐፍ ገጽ በገጽ አባዛሁ፤
በተውሶ ላፕቶፕ፣ ባትሪው በሞተ፤ መብራት ሲሄድ እኔም ጠፋሁ።
ፈታኞቹ፣ «ሰብረሽ ገብተሽ ታውቂያለሽ?» ሲሉኝ፣
«አጥር አጥሬ አውቃለሁ» አልኩ። ሳቁ። ቀጠሩኝ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት። ቀይ መስመር።
የመራዊ ቅርንጫፍ፤ የገንዘብ ያዧ፣ የሙሉጎጃም ስም፤
ሁለት ጊዜ ተሳስቶ፣ በሦስተኛው ገባ።
ያን ዱካ አውቀዋለሁ፦ ያመነታል፣ ይገፋል፣ ይገባል።
እጄ ግን ስልኩ ላይ ደረቀ። በነፋስ አለቃ ልቀስቅስ?
አባቴ፣ «ጮኼ ልፈር» ይላል፣ «ዝም ብዬ ነግቶ ከማለቅስ።»
ደወልኩ።
«ዝጊው» አለኝ፣ እንቅልፍ በተጫነው ድምፅ። ዘጋሁት።

ሲነጋ ታወቀ። ሙሉጎጃም ራሷ ነበረች፣ ከቤቷ፤
አርባ ብር ጎድሎባት፣ ዓይኗ አልከደን ያላት፣
የይለፍ ቃሏን በእንባ የሳተች።
ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ጆሮዬ እየጋለ።

አባቴን ጫማውን ከጭቃ ሲፍቅ አገኘሁት።
«ትዋብ፣ ስንት ያዝሽ?»
«አንድ። አርባ ብር የጠፋባት፣ የራሳችን ሰው።»
አልሳቀም። በዱላው ጫፍ መሬቱን እየጫረ፣
«እሷ ከቤቷ፣ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ቀዳዳ ከገባች» አለኝ፣
«ሌላው በየት የሚገባ መሰለሽ?»

ሐይቁ ላይ ጭጋግ ነበር፤ ከደንገሉ ወዲያ ምንም አይታይም።
ጫማዬን ሳላወልቅ ባጃጅ አስቆምኩ።